የአባትሽን አምፕ ማንም ሶኬት ላይ እንዳይሰካው

በዚህ ሳምንት የመረጥኩት ደብዳቤ ይህ ነው። ትንሽ አሳጥሬዋለሁ።

«ጋሼ፣ የምጽፍልዎ ከደብረ ማርቆስ ነው። መምህርት ነኝ። አባታችን ካረፉ ዓመት አለፋቸው። ወጣት ሳሉ አሥመራ ውስጥ በጦሩ ኦርኬስትራ ቤዝ ጊታር ይጫወቱ ነበር። ጊታሩ ድሮ ተሸጧል። ድምፅ ማጉያው፣ አምፑ፣ ግን እስከ ዛሬ ጓዳ ውስጥ አለ። በ1959 ዓ.ም. ከቃኘው ሰፈር፣ ከአሜሪካኖቹ የጦር ካምፕ፣ አንድ አሜሪካዊ ወታደር ወደ አገሩ ሲመለስ ከእሱ እንደገዙት ይነግሩን ነበር። ትልቅ ሳጥን ነው፤ ሰማያዊ ጥለት ያለው ነገር ለብሷል። የላይኛው ክፍል መቆለፊያው ሲፈታ ይገለበጥና ሳጥኑ ውስጥ ይገባል። ላዩ ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ፕላስቲክ አለ፤ የማናውቀው የፈረንጅ ስም ተቀርጾበታል። አንድ ሰው ከአዲስ አበባ መጥቶ 40 ሺህ ብር ልስጣችሁ ብሏል። ወንድሜ ስሙን ፍቀን፣ አዲስ ሌዘር አልብሰን፣ አብርተን ብናሳየው ይጨምራል ይላል። እናቴ ደግሞ አይነካም ትላለች። አጠገቡ ያለውን ከባድ የብረት ሳጥን ወንድሜ ለቆራሌው ሊሰጠው ነው። ምን ይመክሩኛል?»

እህቴ፣ ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልሽ። እኔም በወጣትነቴ ባሕር ዳርና አካባቢዋ ሠርግ ላይ ቤዝ እጫወት ነበር። ስለዚህ ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ ነው ያነበብኩት።

ከዋጋው በፊት አንድ ነገር ልለምንሽ። ያንን አምፕ ማንም ሶኬት ላይ እንዳይሰካው። ወንድምሽም፣ ገዢው ሰውዬም፣ የሰፈራችሁ ሬዲዮ ጠጋኝም። «ይሠራ እንደሆነ አንዴ ብቻ እንየው» የምትባለው ነገር ናት ስንቱን ዕቃ የጨረሰችው።

የአሜሪካ የቤት መብራት 120 ቮልት አካባቢ ነው። የእኛ 220 ነው። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ አምፕ የእኛ ግድግዳ ላይ በቀጥታ ከተሰካ እጥፍ የሚጠጋ ቮልት ይገባበታል። ፊውዙ ቶሎ ካልተበጠሰ ዋናው ትራንስፎርመር ይቃጠላል። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። አንድ ጓደኛችን ዘመድ የላከለትን አምፕ ሠርግ ድንኳን ውስጥ ሰካው። መጀመሪያ አጉረመረመ። ከዚያ ጭስ ወጣ። የተቃጠለ ቫርኒሽ ሽታ ድንኳኑን ሞላው። ያ ሌሊት በከበሮና በማሲንቆ ነጋ፤ ሠርጉም ደመቀ። አምፑ ግን ከዚያ ወዲህ አልተነሣም። የልጁ ፊት እስከ ዛሬ አይረሳኝም።

ቮልቱ ቢስተካከል እንኳ ሌላ አደጋ አለ። የድሮ አምፕ ሆድ ውስጥ ካፓሲተር የሚባሉ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ዕቃዎች አሉ። በተለይ ትላልቆቹ ውስጣቸው ፈሳሽ አለበት፤ ያ ፈሳሽ በዓመታት ብዛት ይደርቃል። ዕድሜያቸው ብዙ ጊዜ ከሃያና ሠላሳ ዓመት አይዘልም። የእናንተው ከሃምሳ ዓመት በላይ ነው። ረጅም ጊዜ ተኝቶ የቆየ አምፕ በአንድ ጊዜ ሙሉ ኃይል ሲለቀቅበት እነሱ ይፈነዳሉ፣ ወይም ተያይዘው ትራንስፎርመሩን ይዘው ይሄዳሉ። ደግሞ ልብ በዪ፤ እንዲህ ባለ አምፕ ውስጥ ከ400 ቮልት በላይ ይዞራል። ከሶኬት ከተነቀለም በኋላ ካፓሲተሮቹ ውስጥ ሊቆይ ይችላል። ሰው ይገድላል። ስለዚህ በጉጉት መፍቻ ይዞ ሻሲውን፣ ዕቃዎቹ የተገጠሙበትን ብረት፣ መክፈት የለም።

አሁን ወደዚያ የብረት ሳጥን እንምጣ። ወንድምሽን ዛሬውኑ አስቁሚው! አባትሽ ከአሥመራ ያመጡትን የአሜሪካ ዕቃ ጎጃም ውስጥ በምን ያበሩት ነበር? እኔ እንደምገምተው ያ ሳጥን 220ን ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ነው። ማረጋገጡ ቀላል ነው። አቧራውን በደረቅ ጨርቅ ጥረጊና ላዩ ላይ 220 እና 110 ወይም 120 የሚሉ ቁጥሮች እንዳሉ እዪ። በአንድ በኩል ጠፍጣፋ ሁለት ጥርስ ያለው የአሜሪካ ስፒና የሚገባበት ቀዳዳ ካለው ጥርጣሬ የለውም። ቆራሌው በኪሎ ነው የሚመዝነው። አንቺ ግን አንድ ቀን አምፑን ለማሠራት ያንኑ ፍለጋ መርካቶ ትወርጂያለሽ። እሱም አሮጌ ስለሆነ ሳይታይ አይሰካም፤ ግን ጠብቂው። ተጓዦች የሚይዙት ቀላል፣ የፕላስቲክ መቀየሪያ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

አሁን ዕቃው ምን እንደሆነ ልንገርሽ። የምርት ስሙን አልጻፍሽልኝም፤ ምናልባት ጠፍቶ ይሆናል። ግን ያልሽው ሁሉ ወደ አንድ ቦታ ይጠቁማል። ጭንቅላቱ ተገልብጦ ሳጥኑ ውስጥ የሚገባ፣ በቁልፍ የሚያያዝ፣ ሰማያዊ ጥለት የለበሰ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ፕላስቲክ ያለው የ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ ቤዝ አምፕ ከሆነ፣ አምፔግ ፖርታፍሌክስ ነው ብዬ አምናለሁ። ዋነኛው ዓይነት ቢ-15 ይባላል። አምፔግን ያቋቋመው ኤቨረት ሃል ራሱ ሙዚቀኛ ነበር። የኩባንያው ስም የመጣው በፈረንጅ 1940ዎቹ ለትልቁ ለቋሚው ቤዝ ከሠራው፣ በቤዙ እግር ውስጥ ከሚገባ ማይክራፎን ነው። ተገልባጩን አምፕ መሐንዲሱ ጄስ ኦሊቨር ነደፈው፤ በፈረንጅ 1960 ገበያ ላይ ዋለ። የተገለበጠበት ምክንያት ደስ ይላል። ሙዚቀኛው ሥራውን ሲጨርስ እነዚያን ተሰባሪ ቲዩቦች፣ አምፖል የሚመስሉትን ማለቴ ነው፣ ሳጥኑ ውስጥ ከትቶ ሳይሰበሩበት ይሄዳል። አባትሽ ያንን ዕቃ ከአሥመራ እስከ ደብረ ማርቆስ በዚያ ዘመን መንገድ አምጥተውት የተረፈው በዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ይህ አምፕ በጣም የሚጮህ አይደለም። ኃይሉ 25 ወይም 30 ዋት ነው፤ ዛሬ ለአዳራሽ ሠርግ አይበቃም። የተወደደው በድምፁ ነው። ባለ 15 ኢንች አንድ ስፒከር፣ ወፍራም፣ ክብ፣ ሞቅ ያለ ድምፅ። በአሜሪካ፣ ዲትሮይት ከተማ፣ ሞታውን የተባለው የሙዚቃ አሳታሚ ቤዝ ተጫዋች የነበረው ጄምስ ጀመርሰን ከተጠቀሙበት አንዱ ነው። ስቱዲዮዎች እስከ ዛሬ ይፈልጉታል። እኛ አገር ቤዝ ተጫዋችን የሚያስታውሰው ሰው ጥቂት ነው። ዘፋኙን እናውቃለን፣ ሳክስፎኑን እናውቃለን። የሮሃ ባንዱን ጆቫኒ ሪኮን፣ የዋልያስ ባንዱን መላከ ገብሬን ግን ስማቸውን ጠርቶ የሚያወራ ሙዚቀኛ ብቻ ነው። ጭፈራውን መሬት የሚያስይዙት እነሱ ናቸው። ችክችካ ያለ ቤዝ ምን ይሆናል? ይህን ያነሣሁት የአባትሽ ዕቃ ከተራ ኮተት ጋር እንዳይቆጠር ስለምፈልግ ነው።

ስሙን ስለመፋቅ። እባክሽ፣ እባክሽ አትፍቁት። በዚያ ዘመን አምፔግ የገዢውን ስም በዚያ ፕላስቲክ ላይ ይቀርጽ ነበር። አምፑ ሲበራ ከሥር መብራት ይመጣበትና ስሙ ያበራል። ስለዚህ ያ የማታውቁት ፈረንጅ ምናልባት ያ ወታደር ነው። ዕቃው ከእሱ ወደ አባትሽ መሄዱን የሚናገር ምስክር ይኸው ስም ነው። ከተፋቀ የተቧጨረ ፕላስቲክ ብቻ ይቀራል። ሰማያዊውን ሽፋንም እንደዚያው። የተቀደደ ቢሆንም፣ ጠርዙ የተላጠ ቢሆንም ይቆይ። አሮጌ አምፕ የሚገዛ ሰው አዲስ ሌዘር ሲያይ «ከሥሩ ምን ደበቁ?» ነው የሚለው። ወንድምሽ ክፉ አስቦ እንዳልሆነ ይገባኛል። ቤት ለመሸጥ ቀለም ይቀባል፤ መኪና ለመሸጥ ይታጠባል። ይህ ዕቃ ግን በተቃራኒው ነው። ባልተነካ ቁጥር ይወደዳል።

አሁን ዕድሜውን እናጣራ። ይህን ራስሽ ልትሠሪው ትችያለሽ። ምንም ሳትሰኪ፣ የላይኛውን ክፍል ቁልፎቹን ፈተሽ ከሰው ጋር ሆነሽ አንሺው። ብቻሽን አትሞክሪው፤ ሙሉው ዕቃ ከ30 ኪሎ በላይ ነው። በሞባይልሽ መብራት ሳጥኑ ውስጥ ያለውን የስፒከሩን ጀርባ እዪ። ብረቱ ላይ በማኅተም የታተመ ቁጥር ትፈልጊያለሽ። የመጀመሪያዎቹ አኃዞች የስፒከሩ ሠሪ መለያ ናቸው። 220 ከሆነ ጄንሰን ነው። 137 ከሆነ ሲቲኤስ ነው። 67 ከሆነ ኤሚነንስ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ዓመቱ ነው፤ አንዳንዴ የመጨረሻው አኃዝ ብቻ ይጻፋል። የመጨረሻዎቹ ሁለት ደግሞ ሳምንቱ ናቸው። ለምሳሌ 220417 የሚል ብታገኚ፣ ጄንሰን፣ 4፣ 17ኛው ሳምንት ማለት ነው። 4 የሚለው በፈረንጅ 1954ም 1964ም ሊሆን ይችላል። ግን ይህ ዓይነት አምፕ ከ1960 በፊት ስላልነበረ 1964 ነው።

የቁጥሩ ጥቅም እዚህ ላይ ነው። አባትሽ በ1959 ዓ.ም. ገዛሁት ብለዋል። ያ በፈረንጅ 1966 ወይም 1967 ነው። የስፒከሩ ቁጥር ከዚያ የቀደመ ከሆነ ታሪኩና ዕቃው ይገጥማሉ። በኋላ የተሠራ ከሆነ ስፒከሩ ተቀይሯል ማለት ነው። ያኔም ዕቃው ዋጋ አያጣም፤ ይቀንሳል እንጂ። ሌላ ጥሩ ምስክር ደግሞ እናትሽ ጋ ይኖራል። የፎቶ አልበሙን አስወጪ። ኦርኬስትራው ቆሞ፣ አባትሽ ቤዛቸውን ይዘው፣ ከኋላቸው ያ ሳጥን የሚታይበት አንድ ፎቶ ካለ ከማንኛውም ደረሰኝ ይበልጣል። እናትሽ ከአባትሽ የሰሙትንም በስልክሽ ቅጂው። በየት በኩል መጣ? በማን መኪና? ማን ጠገነው? አሁን ካልጠየቅሽ ወደፊት የሚመልስልሽ የለም።

ዋጋው ላይ ግልጹን ልንገርሽ። ሰውየው ያለሽ 40 ሺህ ብር ትንሽ ነው። ብሩ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ ዶላር ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ስለዚህ ያቀረበልሽ ከ400 ዶላር በታች ነው። ጤነኛ፣ ክፍሎቹ ያልተቀያየሩ የ1960ዎቹ ቢ-15 በአሜሪካ ከ1,000 ዶላር በላይ ይሸጣል። እንዲህ ያለውን ዕቃ ዋጋ በብር አታስቢው፤ በዶላር አስቢና በዕለቱ ምንዛሪ መንዝሪው።

ግን በዚህ ቁጥር ልብሽ እንዳይሰቀል። የእናንተው እስኪታይ ድረስ ጤነኛ አይባልም። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ገዢ የለም ማለት ይቻላል። አዲስ አበባም የሚያውቁት ጥቂት ስቱዲዮዎችና ሙዚቀኞች ናቸው። ውጭ ልላከው ካልሽ ይህን የሚያህል ከባድ ሳጥን በአውሮፕላን መላክ ብዙ ያስወጣል፤ መንገድ ላይም ቲዩብ ይሰበራል፣ ሳጥን ይሰነጠቃል። በኢንተርኔት ዋጋ ስትፈልጊም ሻጮች የጠሩትን አትመልከቺ። የተሸጠበትን ተመልከቺ። መጥራትማ ማንም ይጠራል።

ዋጋውን የሚጥሉትን ላንሣልሽ። ትራንስፎርመሮቹ ተቀይረው ከሆነ ብዙ ይወርዳል። የስፒከሩ ወረቀት ተቀዶ አዲስ ከተገጠመለት ይወርዳል። አዲስ ቀዳዳ ከተበሳ፣ ሳጥኑ ቀለም ከተቀባ ይወርዳል። በሌላ በኩል ካፓሲተር መቀየር ዋጋ አይጥልም። ማንኛውም የሚገባው ገዢ የዚህን ዘመን አምፕ ካፓሲተር እንደሚያልቅ ጎማ ነው የሚያየው። የመብራት ገመዱም እንደዚያው። ያኔ ብዙዎቹ ሁለት ጥርስ ብቻ ነበራቸው፤ የመሬት መስመር አልነበራቸውም። ከመብራቱ መስመር ወደ ሻሲው የሚሄድ አንድ ካፓሲተርም አለ፤ እሱ ከተበላሸ የጊታሩ ክር ራሱ ይነዝራል። ሙዚቀኛው ክሩን ይዞ ከንፈሩን ማይክራፎን ሲያስነካ ምን እንደሚሆን ገምቺ። ያንን ካፓሲተር ማውጣትና ባለ ሦስት ሽቦ ገመድ መግጠም ግዴታ ነው። ከዕቃው የወጣውን ሁሉ ግን፣ አሮጌ ካፓሲተር ይሁን ገመድ ይሁን ብሎን፣ በፌስታል አድርገሽ ተቀበዪ። ቲዩቦቹንማ በፍጹም እንዳትተዪ። የዚያ ዘመን የአሜሪካ ቲዩብ እየሠራ ከሆነ ለብቻው ገንዘብ ያወጣል። ጠጋኙ «ይሄ አርጅቷል፣ እኔ እጥለዋለሁ» ቢልሽ «አይ፣ እኔ እጥለዋለሁ» በይው።

ጠጋኝ እንዴት ትመርጪያለሽ? ቴሌቪዥንና ሞባይል የሚሠራ ጎበዝ ልጅ በየከተማው አለ። ለዚህ ግን የሚያስፈልግሽ በቲዩብ የሚሠሩ ሬዲዮዎችን የነካ፣ አንጋፋ ሰው ነው። አንድ ጥያቄ ጠይቂው። «ካፓሲተሮቹን ከመንካትህ በፊት ኤሌክትሪኩን እንዴት ታወጣዋለህ?» በይው። በሬዚስተር አራግፌ፣ በቮልት መለኪያ ለክቼ ካለሽ ደህና ነው። ግራ ገብቶት ካየሽ ዕቃሽን ይዘሽ ውጪ። መጀመሪያ ሲያበራውም በአንድ ጊዜ አይሁን። ቮልቱን ቀስ እያደረገ የሚጨምር ዕቃ ከሌለው ተራ አምፖል በመስመሩ ላይ በተከታታይ ያስገባ። ውስጥ ሾርት ካለ አምፖሉ ቦግ ብሎ ይበራል፤ አምፑ ግን ይተርፋል። ርካሽና አስተማማኝ ዘዴ ነው። ስፒከሩ ሳይያያዝ ደግሞ አምፑ ሊበራ አይገባም። ቲዩብ አምፕ ያለ ስፒከር ከተነዳ ድምፁን ወደ ስፒከሩ የሚያወጣውን ትራንስፎርመር ያቃጥላል። ይህንን ብዙ የዘመኑ ልጆች አያውቁትም፤ የለመዱት ትራንዚስተር ነውና።

ከተሠራም በኋላ ቀኑን ሙሉ አይነዳ። የአሜሪካው ኤሌክትሪክ በሰከንድ 60 ጊዜ ነው የሚመላለሰው፤ የእኛው 50። ለ60 የተሠራ ትራንስፎርመር በ50 ከለመደው በላይ ይሞቃል። እጅሽን አስጠግተሽ ሙቀቱን እየተከታተልሽ መጠቀም ነው። መብራት ሲሄድ ወዲያው ንቀይው። ተመልሶ ሲመጣ ነው የሚጎዳው።

የቤተሰቡን ነገር በአጭሩ ልንካው። ወራሾች ተስማምተው ካልተካፈሉ አንዱ ብቻውን ተነሥቶ አይሸጥም። ወንድምሽም ይህን ያውቃል ብዬ አስባለሁ። እናትሽን ደግሞ ሕጉ ከሚለው በላይ ስሟት። «አይነካም» ያሉት ስለ ገንዘብ አይመስለኝም። ከወንድምሽ ጋር ለመግባባት እንዲህ ብትዪው ይሻላል። «ቁጥሩን እናንብ፣ ፎቶ እናንሣ፣ አንድ የሚያውቅ ሰው ይየው፤ ከዚያ እንነጋገር።» ይህ ሁለት ወይም ሦስት ወር ይወስዳል። ሃምሳ ዓመት የቆየ ዕቃ ሦስት ወር ቢጨምር ምንም አይሆንም። ገዢው «ዛሬ ካልሆነ አልፈልግም» ካለ ይሂድ። ከአዲስ አበባ ድረስ ዓባይ በረሃን አቋርጦ የመጣ ሰው፣ የሚፈልገውን ዕቃ ጥሎ አይቀርም።

የእኔ ምርጫ ምን እንደሆነ ብትጠይቂኝ፣ ባይሸጥ እመኛለሁ። ይጠገን፤ ከቤተሰቡ ቤዝ የሚማር አንድ ልጅ ቢገኝለት ደግሞ እንዴት ጥሩ ነበር። ግን ቤት ውስጥ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የሕክምና ወጪ ካለ መሸጡ ነውር የለውም። አባትሽም ቢሆኑ ጊታራቸውን የሸጡት ያለ ምክንያት አልነበረም። ከሸጣችሁ ግን በእውነተኛ ዋጋው፣ ለሚጫወትበት ሰው ይሁን።

የስፒከሩን ቁጥር፣ የፕላስቲኩንና የኋላውን ፎቶ ላኪልኝ፤ አይቼ እጽፍልሻለሁ። እስከዚያው ሳጥኑን ከሲሚንቶው ላይ አንሥታችሁ ሁለት እንጨት ላይ አስቀምጡት። ጓዳው ውስጥ እንጀራ የሚጋገር ከሆነ ወደ ሌላ ክፍል ይውጣ፤ ጭሱና እንፋሎቱ የስፒከሩን ወረቀት ይበላዋል። በላስቲክ አትሸፍኑት፤ የማርቆስ ክረምት እርጥበቱን ታውቂዋለሽ፣ ከውስጥ ያልበዋል። የጥጥ አንሶላ ይበቃዋል። አይጥም እንዳይገባበት ቁልፎቹን ዝጉት።